ሞተሩን ማን አጠፋው?

አዛውንቱ ገበሬ የተገኙት በገዛ ማሳቸው ላይ፣ የራሳቸው ትራክተር የጎማ ዱካ ውስጥ ተኝተው ነበር። ቀኝ እጃቸው የያዘውን ካቻቢቴ አልለቀቀም። አሮጌው ትራክተር እሳቸውን ረግጦ አልፎ፣ ራቅ ብሎ፣ ምንም ሳያግደው መሃል ሜዳ ላይ ቆሟል።

«ሞተሩን ማን አጠፋው?» አለ የሟቹ ልጅ፣ መርማሪዋ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ብቻውን ሄዶ ብቻውን አይጠፋም! አባቴን መጀመሪያ ያገኘው የእህቴ ባል ነው። ትናንት ትራክተሩን ሲበታትን የዋለውም እሱ ነው። ይያዙት እንጂ ምን ይጠብቃሉ?»

«መጀመሪያ ልውረድ» አለችው።

የናፍጣውን ልክ ለማየት የታንከሩን ክዳን ፈታች። ታንከሩ ታፍኖ እንደቆየ ሰው አየር ሳበ። እጇ ባለበት ቀረ። ናፍጣው እስከ ግማሽ አለ፤ ንጹህም ነው። የሞተሩን ማጥፊያ ማንም አልሳበውም። ማርሹ ገብቷል። በናፍጣ ማጣሪያው፣ በፊልትሮው፣ ብሎን ዙሪያ ያልደረቀ ናፍጣ ይታያል። ሞተር በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ደግሞ ካቻቢቴ ያቃጠለው ጥቁር ምልክት አለ።

የሟቹን አማች፣ መካኒኩን፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ አገኘችው።

«የትራክተሩ ሕመም ምን ነበር?»

«ትንሽ ይሠራና ይታፈናል። ቆየት ብሎ ሲያስነሱት ደህና ነው።»

«ምን አደረግክለት?»

«ፊልትሮ ቀየርኩ። ፓምፑን አየሁ። ቱቦውን በአፌ ነፋሁት።»

«ክዳኑንስ?»

እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። እጁ ንጹህ ነበር።

«ረሳሁት።»

የሟቹ ሚስት ጓዳ ተቀምጠው ጆንያ ይሰፋሉ። ዛሬም።

«እጄ ሥራ ከፈታ አብዳለሁ» አሉ፣ ክሩን በሰም ድብልብል ላይ እየሳቡ። «ሐኪሙ ልብህ አይችልም ካለው ወዲህ እርሻውን ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩት መሰለሽ፣ ልጄ! እኔን ትቶ ያንን ብረት ነው የሚሰማው። ሞተሩ ሲነሳለት ይዘፍናል። ለእኔ በሠርጋችን ቀን እንኳ አልዘፈነም።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

መርማሪዋ ሦስቱንም ትራክተሩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ልጁ መካኒኩን ላለማየት ጀርባውን ሰጠ።

«ሞተሩን ያጠፋው ሰው የለም» አለች። «ክዳኑ አናት ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ፤ ተደፍኗል። በወረደው ናፍጣ ቦታ አየር ካልገባ፣ የቀረው መውረዱን ያቆማል፤ ሞተሩም ይታፈናል። ዛሬም ቆመባቸው። የእጅ ፍሬኑ ስለማይዝ ማርሽ እንዳስገቡ ወረዱ። ፊልትሮው አየር የያዘ መስሏቸው ብሎኑን ፈቱ። በዚያ በኩል ታንከሩ አየር አገኘ፤ ናፍጣው ወረደ። ብሎኑን መልሰው አሰሩና፣ የማስነሻ ቁልፉ ስለተበላሸ እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ፣ ከጎማው ፊት ቆመው የሞተሪኖውን ሁለት ብረቶች በካቻቢቴ አገናኙ።»

«ተነሳ» አለ ልጁ፣ ዞሮ።

«ተነሳ። ማርሽ ውስጥ እንደነበረ። ረግጧቸው አለፈና እዚህ ሲደርስ እንደገና ታፈነ።»

«ታዲያ የደፈነው ይሄው ነዋ!»

«አይደለም። ግን የደፈነውን ያውቃል። ይህን ሕመም የሰማ መካኒክ መጀመሪያ የሚነካው ክዳኑን ነው። እሱ ሁሉን ነካክቶ ክዳኑን ብቻ ዘለለ። ሰው ሊሸሽግ።» መዳፏን ከፈተች። ከቀዳዳው ያወጣችው ሰም ላይ የጆንያ ክር ብጣሽ ተጣብቋል።

«እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ ቸኩሎ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት። ውሰጂኝ።»

«ተው፣ ልጄ» አሉት አማቱ። «ትራክተሩን ሳይሰበር የሚያቆመው ምንድን ነው ብዬ ይሄን ልጅ ጠየቅኩት። እየሳቀ ነገረኝ። ትናንት ሲፈታታውም የሠራሁት ገብቶት፣ እንዳላየ ሆኖ ተወልኝ። እኔ... ባሌ ይሰለቸዋል ብዬ ነው። ሲቆምበት እዚያው ጥሎት፣ በእግሩ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነው።»

ሰሙን ለመውሰድ እጃቸውን ዘረጉ። መርማሪዋ አልሰጠቻቸውም።

ልጁ የተዘረጋውን እጅ ያዘ። ጠዋት ሙሉ ሲጮህ የዋለ ድምፁ አሁን ለመሰማት እንኳ አቃተው።

«ጥሎት የሚመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ እማዬ፣ አንቺስ መች ትደፍኚው ነበር።»