ያልታጨደው ጥግ

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ሰደርያ ለብሶ፣ ጆሮውን በመከለያ ደፍኖ፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ የመጣሁለትን አበባ በማሽን ያጭዳል። ብጣራ አይሰማም፤ ብጮህም አይሰማም። ቢቸግረኝ የያዝኩትን ባዶ ጆንያ ጠቅልዬ ጀርባው ላይ ወረወርኩበት።

ማሽኑን አጥፍቶ ዞረ። መንገድ ዳር የሚያጭድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም።

«ምን አጠፋሁ?»

«የሰው እንጀራ ነው የምታጭደው።»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ አረም ነው።»

«ላንተ አረም ነው። ለእኔ ቀለም ነው።»

ያኔ ጣቶቼን አያቸው። እስከ አንጓቸው ቢጫ ናቸው፤ ታጥበው አይለቁም። ሳቁን እንደ ምንም ዋጠና፣ «እሺ ቢጮ፣ የትኛውን ልተውልሽ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሱ ስሜ ቢጮ ሆኖ ቀረ።

ከአክስቴ ጋር ክር እነክራለሁ። አክስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ከሜዳና ከመንገድ ዳር በለቀመችው ቅጠል፣ ሥርና አበባ ክር እያቀለመች ኖራለች፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም በዚሁ ሥራ ነው። ዓይኗ ሲደክምና ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ለቀማው ለእኔ ተላለፈ።

ስታስተምር ልክ እንደ ፍርድ ቤት ነው። «በአንድ ምስክር አይፈረድም» ትላለች። ደማቁን ቢጫ የምናገኘው አበባዋ እንደ ጃንጥላ ከሚዘረጋ አንዲት ተክል ነው፤ እኛም ጃንጥላ እንላታለን። ጃንጥላ ሦስት ምስክር አላት። ግንዷ ጸጉራም ነው፣ ቅጠሏ ሲታሽ ካሮት ካሮት ይሸታል፣ በነጩ አበባ መሐል ደግሞ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። ሦስቱ ካልተገኙ አይለቀምም። ምክንያቱም ጃንጥላ ክፉ እህት አለቻት። ከሩቅ መንትዮች ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን የእህቲቱ ግንድ ልሙጥ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል፤ ሽታዋም ይከረፋል። ውሃዋ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ይልጣል።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለአጫጁ ነገርኩት። በሳምንቱ ማክሰኞ ስመለስ መንገዱ ግራ ቀኙ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሏል፤ ከድልድዩ አጠገብ ያለው ጥግ ብቻ አበባውን እንደያዘ ቆሟል።

«አለቃህ ምን ይልሃል?»

«ለምን ዘለልከው ካለኝ፣ ድንጋይ አለ፣ ማሽኑን ይሰብራል እለዋለሁ።»

«የት አለ ድንጋይ?»

«ካስፈለገ አምጥቼ አስቀምጣለሁ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ጥግ መገናኘት ልማድ ሆነብን። እየተንበረከከ ግንዱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ቅጠሉን አሽቶ ያሸታል፤ ነጥቧን ፍለጋ አበባው ውስጥ ሊገባ ይደርሳል። አይቸኩልም። አንዳንዴ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን እንጋጠምና ሁለታችንም ወደ አበባው እናቀረቅራለን።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን የማላውቀውን ነገር ሳጭድ ኖርኩ» አለኝ አንድ ቀን። ቀና ብሎም፣ «እኔስ? እኔ ስንት ምስክር አለኝ?» አለ።

«አንድ። ድንጋይ ለመሸከም ፈቃደኛ ነህ።»

«ሌላውስ?»

«ይታያል።»

እየሳቅኩ ነበር ያልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የእኔ ልብ ፍርዱን ከሰጠ ሰንብቷል።

ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ነው። በዚያው ቀን እሱ ጆንያውን ከፍቶ ይዞ ስለ ልጅነቱ ያወራልኛል፤ እኔ ፊቱን እያየሁ እጄ ብቻውን ይለቅማል። ቤት ስደርስ አክስቴ ጆንያውን ተቀብላኝ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ አለች፤ አበባውን ከግንዱ ልትለይ። እኔ ለቅሜው እሷ ደግማ ሳትመረምር የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው። ልጄ ተምራለች ብላ።

በማግሥቱ ሁለቱም እጆቿ ውሃ ቋጠሩ። ሰባት የክፉዋ እህት ግንድ ቀላቅዬ ነበር።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዓይንሽ የት ነበር?» አለችኝ ቀስ ብላ። መሬት መሬቱን አየሁ። «ገባኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ የምታወሪልኝ አጫጅ ጋ ነበር። እኔ ዓይኔ ሲከዳኝ ባንቺ ዓይን ነበር የተማመንኩት። ምረጪ፣ ልጄ። ወይ እሱ፣ ወይ ለቀማው። ልብሽ ሌላ ቦታ ሆኖ በለቀምሽው እኔ እጄን አልከትም።»

ማክሰኞ ሄጄ፣ «ጥጉን እጨደው» አልኩት።

«ምን ሆንሽ ቢጮ?»

የሆነውን ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«በእኔ ምክንያት?»

«በእኔ ነው። ግን ካንተ ጋር ስሆን እጄ የሚይዘውን አላውቅም። ከእንግዲህ አልመጣም።»

የጆሮ መከለያውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና «እሺ» አለ። እንዲከራከረኝ ፈልጌ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ፤ እወደው ነበር፤ ይህን ለራሴ እንኳ በቀጥታ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ ለቀምኩ። ያገኘሁት ቡናማ የሚሰጥ ሥርና ቅርፊት ብቻ ነው። ቢጫው እያለቀ ሲመጣ፣ እሱ በማይኖርበት ቀን ብዬ አርብ ጠዋት ወደ ድልድዩ ሄድኩ።

ጥጉ አልታጨደም። ግን መሬቱ በየቦታው ተቦርቡሯል፤ አበባ ከነሥሩ ተነቅሎ ቦዩ ዳር ተከምሯል። ተናድዶ ነው፣ አልኩ በልቤ። እጁ ስለማይደርስብኝ አበባዬን ነቀለው።

ጓንቴን አጠለቅኩና ከክምሩ አንዱን አነሳሁ። ልሙጥ ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ሁለተኛውም ልሙጥ። ክምሩን እስከ ታች ፈለፈልኩት፤ ጸጉራም ግንድ አንድ እንኳ አላገኘሁም። ወደ ቆሙት ዞርኩ። ሁሉም ጸጉራም፣ ሁሉም ነጥብ ያላቸው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በእሱ ቦታ ገብተው ያልተሠራውን የማክሰኞ ሥራ የሚያጭዱ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ማሽናቸውን አጥፍተው መጡ።

«እሱን ነው ልጄ? ከሥራ በኋላ ሦስት ቀን እየተንበረከከ በእጁ ሲነቅል ሰነበተ። በማሽን ጨርሰው ብለው፣ ማሽን አይለይም አለኝ። ጓንቱ አጭር ነው፤ ክንዱ ተላልጦ እቤቱ ተኝቷል። ይሄን ጥግ እንዳልነካ ደግሞ አስምሎኛል።»

ከክምሩ አንድ እቅፍ በላስቲክ ጠቅልዬ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ረጅሙን ጓንት አጥልቃ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያስጠጋች፣ ወደ አፍንጫዋ እየወሰደች አየች። አርባ ያህል ይሆናሉ። ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀች።

«ሁሉም ክፉዋ እህት ናት፤ አንድም ስሕተት የለም። ማነው የለየው?»

«አጫጁ።»

«አንቺ አንድ ጆንያ ውስጥ ስንት ነበር የቀላቀልሽው?»

«ሰባት።»

«ሂጂ ጥሪው።»

እሑድ ጠዋት ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ መጣ። «እንደምን አደሩ እትዬ» ብሎ በሩ አጠገብ ቆመ። አክስቴ አስቀመጠችውና ፋሻውን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ቡናማ ምልክት የቀረበትን የራሷን እጅ አጠገቡ አደረገች።

«ያቃጥላል፣ አይደል?»

«ያቃጥላል እትዬ።»

«ሙሉውን አጭደህ ብትገላገልስ?»

«የእርስዎ ቢጫም አብሮ ይሄድ ነበር።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ምስክር ቀርቦልኛል። አንዱ ክምሩ፣ አንዱ ክንዱ። በሁለት እንደማልፈርድ ታውቂያለሽ።»

እሱ አቀርቅሮ ወለሉን ያያል። እስከ ዛሬ በቀልድ እየሸፈንኩ ያሳለፍኩትን ነገር ልናገር ወደ አክስቴ ጠጋ አልኩ።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «እወደዋለሁ፣ አክስቴ። ዓይኔም ከእንግዲህ ከእጄ አይለይም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

«እንግዲያው ምን ተቀምጣችሁ ትተያያላችሁ?» አለች አክስቴ ተነስታ። «የማቅለሚያው ውሃ ፈልቷል። ክንዱ እስኪድን እሱ ይለያል፤ አንቺ ትለቅሚያለሽ።»

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈ፤ ከተጋባንም አራት። ጥጉ እስከ ዛሬ አልታጨደም። አለቃው በየዓመቱ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ድንጋይ አለ ይባላል። በእርግጥም አለ፤ ከሠርጋችን በፊት በነበረው ማክሰኞ ሁለታችን ተሸክመን አምጥተን አስቀምጠነዋል።