ሁለቱ መስኮቶች

ገና በሩ ላይ ሳየው ናቅሁት። አዲሱ የሥነ ጽሑፍ መምህር ጃንጥላውን ሳያጥፍ ወደ መምህራን ክፍል ሊገባ ይታገላል። ብብቱ ሥር ደግሞ ያ የምጠላው ልብ ወለድ!

«ይቅርታ እህቴ፣ ባዶ ወንበር ይኖራል?»

«የሌባ መጽሐፍ ለሚያነብ የለም።»

«ሌባ?»

«ደራሲህን ነው። እኔ ከምወደው ከታላቁ ደራሲ ያልወሰደው ምን አለ? ዝናቡን ወሰደ፣ ተሰናብቶ የሚሄደውን ወታደር ወሰደ፣ ሴትዮዋ የቆመችበትን መስኮት ሳይቀር ነቅሎ ወሰደ!»

ሳቀ። ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል። ስርጉዱንም ናቅሁት።

ከዚያ በኋላ እረፍት በደወለ ቁጥር እንጣላለን።

«የአንቺዋ ሴት ወታደሩ ሲሄድ መስኮቷን ትዘጋለች» ይለኛል። «የእኔዋ ከፍታ ትጣራለች። ይሄ ስርቆት አይደለም። ደራሲው ያንቺን መጽሐፍ አንብቦ አላስችል ቢለው ነው።»

«የእኔዋ ክብር አላት። ያንተዋ መንደር ሙሉ እየሰማት ትጮኻለች!»

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ትላለች። «አንቺ ልጅ፣ የናቁትን ሰው እንዲህ ደጅ ደጁን አያዩም።»

«እኔ? እሱን? ወግ ነው!»

አንድ ቀን ተማሪዎች ፊት ተከራከርን። መሸነፌ ነበር መሰለኝ፣ አፌ አመለጠኝ።

«ደካማ ሰው ደካማ መጽሐፍ ይወዳል!»

ተማሪዎቹ በሳቅ አውካኩ። እሱ አልሳቀም። ስርጉዱ ጠፋ።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሩን ሰማሁ። ዕቃውን ሊወስድ በመጣ ቀን ካርቶኑን አቅፎ ፊቴ ቆመ።

«ጨዋታ ይመስለኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለካ የምርሽን ነው የምትንቂኝ።»

«አዎ» አልኩት። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።»

ወጣ። ውጪ ይዘንባል። ግቢውን ሲያቋርጥ እያየሁ መስኮቱን ዘጋሁት፤ በክብር፣ ልክ እንደምወዳት ሴትዮ።

ታላቁ ደራሲ ምዕራፉን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ እጇን የት እንዳደረገች አልጻፈም። እኔ ግን እዚያው ቆሜአለሁ፤ የረሳው ጃንጥላ ወንበሬን ተደግፎ ይንጠባጠባል...

መስኮቱን በረገድኩት።

«አንተ ጅል! ጃንጥላህን ለማን ትተኸው ነው?»

ግቢው ሙሉ ዞረ። እሱም ዞረ፤ ካርቶኑ በስብሶ ሊቀደድ ደርሷል።

«ወርውሪልኛ!»

«አልወረውርም! ና ውሰድ!»

«ጮኽሽ እኮ!» አለ። ስርጉዱ ተመለሰ። «መንደር ሙሉ እየሰማሽ!»

«ዝም በል! ...አትሂድብኝ!»

ካርቶኑን ዝናብ ላይ ጥሎ ደረጃውን ሮጦ ሲወጣ ሰማሁት። ጸሐፊዋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ትምህርት ቤቱን ቀየረ፤ እኔን ግን አገባኝ። ያን ደራሲ ዛሬም ሌባ እለዋለሁ፤ ባሌም ዛሬም ይስቃል። ዝናብ ሲመጣ ግን የቤታችንን መስኮት የሚዘጋው እሱ ነው። እኔን አያምነኝም፤ ከፍቼ እንዳልጮኽ ይፈራል።