ንጹሑ በሶ

በ፳፻፮ ዓ.ም. የበልግ ወራት አየለ የተባለ ብርቱ የቀወት ወረዳ አራሽ አረፈ። ኢንስፔክተር ፈሪሃ በሸዋ ሮቢት አስከሬኑን ባየች ጊዜ ክንዱ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥኖ ነበር። ለወራት ያልለቀቀው ተቅማጥ የሰውነቱን ውኃ አሟጦ ጨርሶታል።

«ሚስቱ መርዛዋለች!» አለ ታናሽ ወንድሙ ፍቅሩ። «የመስኖ ማሳውን ልትወርስ!»

ታላቅ እኅቱ እትዬ ደስታ ከደብረ ሲና ወርዳ ደረቷን ትመታለች። «ከዚህች ሴት እጅ ውኃ እንኳ አልቀምስም። ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? እሰሪያት!»

«በጥርጣሬ ብቻ አላስርም እትዬ። እስከ ተዝካሩ ይታገሡኝ።»

ፈሪሃ ሚስቲቱን ሐናን ማሽላ ስታበጥር አገኘቻት።

«ምን ትመግቢው ነበር?»

«የማሽላ እንጀራ በሽሮ። ሌላ ምን አለን?»

«የባሰበትስ መቼ ነው?»

«ጠበል ሄዶ። እኔ እዚሁ ቀረሁ፤ እርሱ የእትዬ ደስታን በሶ ብቻ ስንቅ ይዞ ወጣ። በቃሬዛ መለሱት።»

ፈሪሃ ከሟቹ የስንቅ ከረጢት የተረፈውን በሶ አነሣች። እዚያው ለለቅሶ የተቀመጠችው እትዬ ደስታ ተቆጣች።

«ከጓሮዬ ገብስ የተዘጋጀ ነው! እንዲጠነክር ብዬ በሶውንም የስንዴ ዳቦውንም ስልክለት ኖርሁ። ይኸው!» ብላ ጭብጥ ሙሉ ቃመች። የጣቷ ቀለበት እንዳይወልቅ በክር ተጠምጥሟል።

«ከስተዋል እትዬ።»

«የደም ማነስ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነኝ።»

«አስከሬኑን የሚመረምረው ሐኪም የእርስዎንና የፍቅሩን ደም ይፈልጋል።»

«እርሷን የሚያስፈርድባት ከሆነ ቅዱት!»

በተዝካሩ ዕለት ዘመድ ሁሉ በዳሱ ተሰበሰበ። የሐናን መሶብ ግን የነካ አልነበረም። ፈሪሃ ተነሣች።

«በአስከሬኑም በበሶውም መርዝ አልተገኘም። ሟች የባሰበት ሐና በሌለችበት፣ በጠበሉ ስፍራ ነው፤ እንግዲህ የእርሷ እጅ የለበትም። ፍቅሩ፣ አንተም ከዚያ በሶ በልተሃል?»

«ስንት ጊዜ!»

«ደኅና ነህ። ንጹሕ እህል አንዱን ብቻ ከጎዳ፣ ምክንያቱ የሚገኘው በበላተኛው ሰውነት ውስጥ ነው።»

ሐኪሙ ዶክተር ሱሌይማን ቀጠለ። «ምግብ የሚስበው የአንጀቱ ሽፋን ተልጦ ነበር። ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ በገባ ቁጥር ሰውነት የገዛ አንጀቱን ይወጋል፤ ማሽላና ጤፍ ግን በሽታውን አያስነሡም። አስቀድሞ ደሙ ቢመረመር ኖሮ በጤና በኖረ። በሥጋ ዝምድና ስለሚወረስ ነው የእናንተንም የመረመርነው።»

እትዬ ደስታ ፈሪሃን ቀና ብላ አየቻት። «እንግዲያ... በገዛ እጄ?»

«በፍቅር ነው እትዬ፤ ማን አውቆ?» አለች ፈሪሃ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «የፍቅሩ ደም ደኅና ነው። የእርስዎ ግን...»

እትዬ ደስታ በክር የታሰረ ቀለበቷን አየች። ከፊቷ የቀረበውን ዳቦ በዝግታ ገፋችው፤ ሌላ የምትበላው ካልተነካው መሶብ በቀር አልነበረም።

«ሐና ልጄ፣ አጉርሺኝ።»

ሐና ከማሽላው እንጀራ ጠቀለለችና ጉርሻውን አቀረበችላት። «አይፈሩኝም?»

«ከእንግዲህ የምፈራው የራሴን ጎተራ ነው» አለችና አፏን ከፈተች።