የአስተርጓሚው ወረቀቶች

የሽማግሌው የመነጽር ማኅደር የቁማር ማሽኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ጽናት እንዳላየች ሆነች። ዓይኗን ከሚሽከረከሩት ሥዕሎች ሳትነቅል ቁልፉን ተጫነች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ መስኮት በሌለው በዚያ ካዚኖ ውስጥ ግን ጠዋትም ማታም አንድ ነው።

ሽማግሌው ከእሷ አንድ ወንበር አልፈው ተቀምጠዋል። መሃል ያለው ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥበት ካፖርታቸውን ጣል አድርገውበታል። የሟች ሚስታቸው የንግስቲ ቦታ ነው። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። በሄዱበት ካዚኖ ሁሉ ጎናቸው ያለውን ወንበር ለእሷ ይተዋሉ። አንዳንዴ ወደ ካፖርቱ ዘንበል ብለው በትግርኛ አንድ ነገር ያንሾካሹካሉ።

አንድ ረጅም ሰው መጣ። የሆስፒታል ሠራተኛ ልብስ ለብሷል። ማሽኑን እንደሚመርጥ ሰው ትንሽ ቆመ።

ሄደ።

ማኅደሩም አብሮት ሄደ።

ጽናት እስከ ሃያ ቆጥራ ቦርሳዋን አነሳች። «ጋሼ፣ ወጣ ብዬ አየር ልቀበል።»

«ሂጂ ልጄ። ምሳ ላይ እንገናኝ» አሉ ሳይዞሩ።

እዚህ አካባቢ ስሟ ሩቲ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ነርስነቱን ትታ ቤቷን ሸጣ በአርቪ፣ በተሽከርካሪ ቤት፣ የምትዞር ሴት። ከካዚኖ ካዚኖ እየሄዱ ጓሮ ባለው ካምፕ የሚያድሩ ጡረተኞች ብዙ ናቸውና ማንም ደግሞ አልጠየቃትም። በምትሠራበት የስለላ መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ግን «ዋኔ» ናት። ሽማግሌው ደግሞ «ደብተራ» ናቸው።

ሽማግሌው ጋሽ ገብረእግዚኣብሄር ሃያ ዓመት ሙሉ የአሳይለም ሂሪንግ፣ የጥገኝነት ጠያቂዎች ችሎት፣ ያስተረጎሙ ሰው ናቸው። ሰዉ ለዳኛ የተናገረውን ሁሉ በማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ ማን በየት እንዳመለጠ፣ ሀገር ቤት ማን በማን ቤት እንደተደበቀ። ባለፈው ዓመት ከነዚያ ሰዎች የአራቱ ቤተሰቦች ታፈኑ። ስም የሚሸጥ ሰው አለ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሻጩ «ደብተራ» ነው አለ። ጽናትም ሄዳ አርቪዋን ከአርቪያቸው ጎን አቆመች።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። አርቪ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንዴት እንደሚደላደል፣ የቆሻሻው ታንክ በስንት ቀኑ እንደሚደፋ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ቢንጎ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው። ጉንፋን የጣላት ጊዜ ሾርባ ይዘው በሯን ያንኳኩትም እሳቸው ናቸው።

ከባዱ ይሄ ነበር።

ሌላም ከባድ ነገር ነበረባት። ከማሽኖቹ ጩኸት ሥር ሁልጊዜ የሳህሌ ድምፅ ይሰማታል። ሳህሌ ሳን ሆዜ ታክሲ የሚነዳ፣ መረጃ የሚሰጣት ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አምኗት ወንድሙ የተደበቀበትን መንደር ነገራት። ሪፖርቷ ላይ በአንድ መስመር ጻፈችው። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሙ ተያዘ። ሳህሌ ስልኳ ላይ መልእክት ተወላት፤ «ለማን ነገርሽ?» የሚል ብቻ። ከዚያ ካምቤል ከተማ በተከራያት ክፍል ሞቶ ተገኘ። መልእክቱን አጥፍታዋለች። ድምፁ ግን አልጠፋም።

ረጅሙን ሰው ፓርኪንጉ ጥግ፣ ከመኪናው ጀርባ አጎንብሶ አገኘችው። ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ከፍ አደረገች።

ጣቷ ቆመ።

ሰውየው ከማኅደሩ ያወጣውን ወረቀት እያቃጠለው ነበር።

ስም የሚገዛ ሰው የገዛውን አያቃጥልም።

ስልኳን ከታ ቀረበች። ደረቱ ላይ ያለው ባጅ የበርክሌ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይዲድያ ይላል። «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?»

ደነገጠ። ፊቱ በእንባ ርሷል። አማርኛዋን ሲሰማ ግን አልሸሸም።

«እህቴ ናት» አለ። «ስሟም ያለችበትም እዚህ ላይ ነበር። ጋሼ ራስህ አቃጥለው፣ ሲነድ በዓይንህ እየው ብለው ሰጡኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ ዘገየን። ማክሰኞ ወስደዋታል።»

«ለማን ነገርክ?»

ከአፏ ሲወጣ የሳህሌ ቃል መሆኑ ገባት።

«ለማንም» አለ ይዲድያ። አመዱን በጫማው ፈጨው። «ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።»

ወደ አርቪዋ ተመልሳ አለቃዋ ጋ ደወለች። አብኔር ኦክላንድ ነው የሚሠራው፤ ቴሜስካል ሰፈር፣ ከአንድ የታክስ ቢሮ በላይ ባለች ክፍል። በስልክ «አጎቴ» ነው የምትለው፤ ወረቀቱን ደግሞ «ልብስ»።

«አጎቴ፣ ልብሱን ሰው ወስዶታል።»

«ማን?»

«አንድ ሰው። አላወቅኩትም።» ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችም።

«የበርክሌውን ተዪው» አለ አብኔር። «የእህቱ ነገር አልቋል። እኔ የምፈልገው ልብሱ ሁሉ ያለበትን የሽማግሌውን ሻንጣ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት፣ ሳን ሆዜ፣ የካርድ መጫወቻው ፓርኪንግ። ሪፖርት እንዳትጽፊ።»

ተዘጋ።

በርክሌ አላለችም።

እህትም አላለችም።

ቀስ ብላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የሳህሌን ሪፖርት ያነበበ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ለሁለት ዓመት ራሷን ስትጠይቅ፣ በሥራ ስህተት፣ በወሬ ሾልኮ መውጣት፣ በዕድል ስታሳብብ፣ ያንን አንድ ሰው ጠይቃ አታውቅም።

ሞራሌስ የምትባል የውስጥ ምርመራ ሠራተኛ ነበረች፤ ሳህሌ ሲሞት መጥታ የጠየቀቻት። ቁጥሯን አልጣለችውም። ደወለችላት። ከዚያ ወጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

ጋሽ ገብረእግዚኣብሄር ከአርቪያቸው ፊት፣ የካምፑ እሳት ማንደጃ ላይ ምሳ እያሞቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ስሜ ሩቲ አይደለም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ አስተርጓሚ ሰሙ፤ ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው። ስትጨርስ ድስቱን ከእሳቱ አወረዱ።

«ባልሽም አልሞተ?»

«አግብቼ አላውቅም።»

«ነርስም አይደለሽም።»

«አይደለሁም።»

እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። ጣት በጣት፣ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«እና አሁን እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉ።

እርስዎ።

ሁለት ወር ሙሉ «አንቺ» ነበረች። «ልጄ» ነበረች። ያ አንድ ቃል በሩን ዘጋው፤ ጽናትም ደግሞ እንደማይከፈት አወቀች።

«አለቃዬን የምትይዘው ሴትዮ ሻንጣውን ካገኘች ማስረጃ ነው ብላ ትወስደዋለች» አለች።

«ኮፒ ይደረጋል?»

«ይደረጋል።»

ሽማግሌው አርቪያቸው ገብተው ያረጀ የቆዳ ሻንጣ ይዘው ወጡ። «አርባ ነበሩ» አሉ። «ዘጠኙን ለባለቤቶቹ መልሻለሁ። ሰዉ እኔን መጠርጠር ጀምሯል። ቤተ ክርስቲያን ሰላም ስላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። አዎ፣ እኔ ራሴ ባቃጥለው ይቀል ነበር፤ ግን ማን ያምነኛል? እያንዳንዱ የራሱን በእጁ ይዞ ያቃጥል አልኩ። ካዚኖ ውስጥ ደግሞ በየጣሪያው ካሜራ አለ፤ ማንም ደፍሮ አይነጥቀኝም።»

የመጀመሪያውን ወረቀት አወጡ። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አያንብቡት። በእግዚአብሔር።»

«ስማቸው ሳይጠራማ አይነድም። እነዚህ ሰዎች መከራቸውን የተናገሩት በእኔ አፍ ነው። በዝምታ አልቀብራቸውም።»

ጽናት አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም። ለዚህ ሥራ የመረጧትም ለዚህ ነው። ሄዳ ብትቆም ይሻል ነበር፤ ግን ሽማግሌው አንብበው የጨረሱትን ተቀብላ ወደ እሳቱ የምታስገባው እሷ ነበረች። ስም መጣ። መንደር መጣ። ከጎተራ ጀርባ ያለች ጓዳ፣ የአንድ ቄስ ቤት፣ ድንበር ላይ ያለ የጎማ ጠጋኝ። ሠላሳ አንድ ጊዜ።

ሻንጣው ባዶ ሆነ። እሷ ሞላች።

የሽማግሌውን አርቪ ካምፑ ውስጥ ትተው በእሷ ወረዱ። ኦክላንድን አልፈው፣ በትራፊክ እየተንፏቀቁ ሳን ሆዜ ደረሱ። ጋሽ ገብረእግዚኣብሄርን የካርድ መጫወቻው ሬስቶራንት ውስጥ፣ ካሜራ ሥር አስቀመጠቻቸው። ወደ አርቪዋ ተመልሳ ሞራሌስ ጋ ደወለች፤ ስልኩን ሳትዘጋ በሳህን መጥረጊያ ፎጣ ሸፍና ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ አኖረችው።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

እሑድ ስለነበር አብኔር ከቸርች እንደመጣ ክራቫት አስሯል። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ሻንጣው?»

«አልጋው ላይ።»

«ደብተራስ?»

«ካምፑ ነው። ተኝቷል።»

አብኔር ስልኩን አውጥቶ አንድ ቃል ጽፎ ላከ።

«ምንድን ነው?»

«ሰው ልኬበታለሁ። እንዳይነቃ።»

ፊቷን አላለወጠችም። ገና የምትፈልገውን ቃል አላገኘችም።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «የሳህሌ ወንድም ስም ከማን ነው የሄደው?»

«ያ ነገር እስካሁን አልለቀቀሽም?»

«ሻንጣውን አምጥቼልሃለሁ። ከእንግዲህ ከማን ልትደብቀው ነው?»

አብኔር አያት። ደግ ሰው ይመስል ነበር፤ ሁልጊዜም ይመስላል።

«ካንቺ ነው የሄደው» አለ። «ከሪፖርትሽ። አንድ ፊደል አልቀየርኩም፤ አንቺ እንደጻፍሽው ሸጥኩት። የበርክሌውንም ከሌላ ፋይል። ደመወዛችንን ታውቂዋለሽ።»

ይበቃ ነበር።

ሻንጣውን ከፈተ። የተጫወቱባቸው የቢንጎ ካርዶች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ሽጉጡ መቼ እንደወጣ አላየችም።

«የታለ?»

«ነዷል።»

«ማን አነበበው?»

ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ነገረው። አሥራ አንድ ዓመት አለቃዋ ነበር፤ ጭንቅላቷን ያውቀዋል።

«አንቺ» አለ ቀስ ብሎ። የሽጉጡ አፍ ከግንባሯ ወደ ትከሻዋ ወረደ። አሁን ሊገድላት አይችልም። አሁን ሻንጣው እሷ ናት። «ተነሺ። የእኔ መኪና ውስጥ እንነጋገራለን።»

«አልነሳም።»

ክንዷን ያዘ።

በሩ ተሰበረ።

ጥይቷ ከግራ ጆሮዋ አጠገብ አልፋ ጣሪያውን በሳች። ከዚያ የሰው ክብደት፣ ጫማ፣ በእንግሊዝኛ የሚጮህ ድምፅ። ዓይኗን ስትከፍት አብኔር በቢንጎ ካርዶቹ ላይ በአፍ ጢሙ ተደፍቷል፣ ሞራሌስ ጉልበቷን ጀርባው ላይ አድርጋ ካቴና ታስራለች።

የግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ አልሰማም። ሐኪሙ በዚያ በኩል ምንም ድምፅ ሊኖር አይችልም አላት። አለ፤ የሳህሌ።

አብኔር የላከው ሰው ካምፑ ደርሶ ሽማግሌውን ሲያጣ አርቪያቸውን አቃጥሎት ሄዷል። ይህን የነገረቻቸው ጽናት ናት፤ ሬስቶራንቱ በር ላይ፣ በበርክሌ የምትኖረውን የእህታቸውን ልጅ ሲጠብቁ።

«የንግስቲ ልብሶች ነበሩ» አሉ። «ፎቶዎቿም።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«እርስዎ ሥራዎን ሠርተዋል» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ዝቅ ብለው፣ ለባዕድ እንደሚደረገው፣ እጅ ነሷት። መኪናው ሲመጣ ካፖርታቸውን ከፊት ወንበሩ ላይ አኑረው እሳቸው ከኋላ ገቡ።

ሞራሌስ ሦስት ቀን ጠየቀቻት።

«ወረቀቶቹ ላይ ምን ነበር?»

«አላስታውስም።»

«አንቺ? ፋይልሽን አንብቤዋለሁ እኮ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያለ ስሞቹ ክሱ ይሳሳል። ረጅም ዓመት አይፈረድበትም። የአንዱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አላስታውስም።»

አብኔር አምስት ዓመት ተፈረደበት። ጽናት ባጇን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች፤ ማንም ተይ አላላትም። በአርቪው ጣሪያ ላይ ያለውን ቀዳዳ በራሷ ደፈነችው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ በጣም ርቆ በረሃ ጫፍ ባለ ካዚኖ፣ ጠዋት ቡና ይዛ ስታልፍ ማሽኖቹን የምትወለውል ሴት ቀና ብላ አየቻት። ባጇ ላይ ስሟ ደላይት ይላል። ፊቷ በራ።

«ሐበሻ ነሽ አይደል?» አለቻት በአማርኛ። «በዚህ በረሃ ሰው አጥቼ...»

ጽናት ታውቃታለች፤ ከነደዱት ወረቀቶች አንዱ የእሷ ነበር። ከዚያ በፊት ዓይታት አታውቅም፤ ግን ድንበር ያሻገራትን ሰው ስም ታውቃለች። እናቷ ዛሬም በማን ጓዳ፣ ከየትኛው መጋረጃ ጀርባ እንደተኛች ታውቃለች። እናቷ ደህና እንደሆነች ልትጠይቃት አፏን ከፈተች።

«ሶሪ» አለች በእንግሊዝኛ። «ምን እንዳልሽ አልገባኝም።»

ሴትዮዋ አፈረች። ይቅርታ ጠይቃ ወደ ውልወላዋ ተመለሰች።

ጽናት ቡናውን ሳትጨርስ ጣለችው። ወደ ጓሮ ወጥታ የውኃውን ጎማ ጠቀለለች፣ የመብራቱን ገመድ ነቀለች። የሁለት ሌሊት ከፍላ ነበር። የካምፑ ሠራተኛ ከምሳ ሲመለስ ቦታው ባዶ ነበር፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ስም ሰርዞ ለሚቀጥለው ሰው ሰጠው።