በእንጉዳይ ማሳ ላይ ያለፉት ወርዛዎች

በዘንጎር ምድር፥ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ ሳለች፥ የጥብቁ መስክ ምንጭ ውሃውን መልሶ ዋጠ። ጉድ እኮ ነው! አገር ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት ጎረፈ፤ ያ ምንጭ ከደረቀ ዘንጎር የምትጠጣው የላትምና።

«ማነው የመስኩን ቅጥር የደፈረ?» ሲሉ ንጉሥ ወርቀ ዘንግ አንባረቁ።

ወጣቷ የመስኩ ጠባቂ አዝመራ ከፊታቸው ቆመች።

«ማንም አልደፈረውም፥ ጃንሆይ። ጥፋቱ የቅጥሩ ነው። ሣሩ እንዳይነካ ብለን ስንገነባው ወርዛዎቹን አስወጣን። እነሱ በኮቴያቸው ካልቆፈሩት ዝናቡ በየት በኩል ይስረግ?»

ወርዛ ባለ ሦስት ቀንድ፥ ዝሆን የሚያክል አውሬ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ «ጠበቅን» ሲሉ የከረሙት ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። አቅፎ ማነቅ ማለት ይኸ ነው!

«እመልሳቸዋለሁ፤ ባልመልስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ አዝመራ ማለች።

ከሽማግሌው አዳኝ ከድፋባቸው ጋር፥ የእሳት ነፋስ የሚነፍስበትን የግርፍ ገደል በዘጠኝ ቀን ተሻገረች። መንጋውን ሲያገኙ አውራው ቀንዱን ደግኖ መጣባቸው። ወርዛ ብረት የያዘ ሰው አይወድም።

«ጦርህን ጣል፥ ጋሼ!»

«አርባ አንበሳ የጣልኩበትን? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ጋሼ!»

ድፋባቸው እየተነጫነጨ ጦሩን ገደል ሰደደው። አውራው አሽትቷቸው፥ ከአዝመራ ልብስ ላይ የድሮ መስኩን ሽታ ሲያገኝ ረጋ፤ መንጋውን አስከትሎም ከኋላቸው መጣ።

ወርዛ ግን ከአያቶቹ መንገድ ፈቀቅ አይልም። ያ መንገድ ዛሬ የአዝመራ እናት የወይዘሮ እንጉዳይ ማሳ ሆኗል። ጤፉ ደርሶ ለአጨዳ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ሌላ መሬት የላቸውም። መንጋው አንዴ ካለፈበት ደግሞ ለዘለዓለም መንገድ ሆኖ ይቀራል። አዝመራ ከመንጋው ቀድማ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማዬ፥ ሌላ ማለፊያ የላቸውም።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ጤፉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«በላቤ ያቀናሁት መሬት ነው» አሉ። «ግን ውሃ ከሌለ ጤፉንስ በምን አቦካዋለሁ?»

የእሾህ አጥሩንም በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

መቶ ወርዛ አለፈ። የቅጥሩ ድንጋይ በቀንዳቸው ተናደ፤ የደረቀው መስክ በኮቴያቸው ተቆፈረ። በማግስቱ ዘነበ፤ በሦስተኛው ቀን ምንጩ እያጉረመረመ ወጣ። ዘንጎር በእልልታ ተናወጠች።

ንጉሡም፦ «የእነ እንጉዳይ ቀለብ ከእኔ ጎተራ ይሁን፤ የዘንጎር ልጆችም የምድርን ጠባይ እዚያው ማሳ ላይ ይማሩ» ሲሉ አዋጅ አስነገሩ።

ልጆቹ መጡ። አዝመራ ዱካውን ልታሳያቸው ስትል እናቷን የተረገጠው ጤፍ መካከል ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እማዬ፥ ልጆቹን ልመልሳቸው?»

«ኧረ ተይ! ትንሽ ቆዩኝ ብቻ፤ አልቅሼ ልጨርስና እኔም እማራለሁ።»