ከዳዶው ያልወጣ ጫፍ

ዘነበ የቡሎኖቹ ጫፍ ከማጥበቂያቸው ከዳዶው አለመውጣቱን ያየው ጉተማ እንፋሎቱን ከለቀቀ በኋላ ነው። ሊጮህ አፉን ሲከፍት የቧንቧው መጋጠሚያ ፈነዳ። ጉተማ እዚያው ተቃጥሎ ሞተ።

በካዛንቺስ የጣሊያን ሹማምንት ልብስ የሚታጠብበት ቤት ሥራ አቆመ። ከወረራው በፊት የፖሊስ መርማሪ የነበሩት፣ አሁን እዚያው ልብስ ተረካቢ የሆኑት አቶ ወልደአረጋይ ተጠሩ። አለቃው ሲኞር ቤርቶሊ እስከ ማታ ጥፋተኛው ካልተገኘ መጋጠሚያውን ያሰረውን ዘነበን ለጣሊያን ፖሊሶች ለካራቢኜሪ እንደሚያስረክብ ነገራቸው። የዘነበ እናት ወይዘሮ ዘሪቱ ከቂርቆስ እየሮጡ መጥተው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

«ልጄን ይሰቅሉብኛል» አሏቸው ለአቶ ወልደአረጋይ።

«ገና አልወሰዱትም እኮ፣ እመቤቴ።»

«ይወስዱታል።»

ወልደአረጋይ ዘነበን ጠየቁት። እንደ ቃሉ፣ ትናንት ከመጋጠሚያው ሁለት ብረቶች መካከል ጋርኒሲዮን የሚባለውን አሮጌ ማሸጊያ አውጥቶ ለዕቃ ቤት ኃላፊው ለኃይለገብርኤል አስረከበና አዲስ ተቀበለ። አሮጌ ሳይመልሱ አዲስ አይሰጥም። ኃይለገብርኤል የተመለሰውን ሁለተኛ እንዳያመጡበት በሚስማር ይበሳዋል፤ በሽቦ ሰክቶም ይቆልፍበታል። የቡሎን መፍቻው ኪያቤም የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው።

አመሻሽ ላይ ወልደአረጋይ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ቡሎኑ ስድሳ አምስት ሚሊሜትር ነው» አሉ። «ሁለቱ ብረቶች ሃያ ሃያ፣ ጋርኒሲዮኑ ሦስት፤ በጠቅላላው አርባ ሦስት። ዳዶው ዐሥራ ስድስት ይይዛል፤ ስድስት ጫፍ ይወጣል። የእነዚህ የተነቀሉት ቡሎኖች ጥርስ ግን የተላጠው ጫፋቸው ላይ ሰባት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዳዶው የያዘው ያንን ነው። እንግዲህ በመካከል የነበረው ውፍረት ሃምሳ ስምንት ነው። ትርፉ ዐሥራ አምስት ከየት መጣ?»

ኃይለገብርኤል ሳቀ። «ልብሱን ትተው ብረት ጀመሩ እንዴ፣ ጋሼ?»

ወልደአረጋይ ከወለሉ የለቀሟቸውን ቁርጥራጮች ዘረጉ። አምስቱ በሚስማር የተበሱ ናቸው።

«ሦስት ሦስት ሚሊሜትር፣ አምስት አሮጌ። ከሽቦህ ላይ ያወጣሃቸው ናቸው። ዘነበ ከሄደ በኋላ ፈትተህ ደረብካቸው። ጠዋት እንፋሎት የሚከፍተው ጉተማ መሆኑን ታውቃለህ። የኡራኤል ሰፈር ልጆችን ለጣሊያን ጠቁመህ ያስያዝካቸው አንተ መሆንህን ትናንት በሰው ፊት ነግሮሃል።»

ኃይለገብርኤል ወደ አለቃው ዞሮ አየ። ቤርቶሊ ቁርጥራጮቹን በጫማው ወደ ውሃ ማፍያው ምድጃ እሳት ገፋቸው።

«ሂሳቡ ልክ ነው» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «ኃይለገብርኤል ግን ለእኛ ያስፈልጋል። ዘነበ ወደ ካራቢኜሪ ይሄዳል።»

ወልደአረጋይ ሊናገሩ ሲሉ ከቤርቶሊ ጎን የቆመው ወታደር ጠመንጃውን ደረታቸው ላይ አደረገ።

ዘሪቱ ብቻቸውን ተመለሱ። የልጃቸውን እራት ከድነው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። ሰዓት እላፊ ሲደርስ ወጥተው መንገዱን አዩ። ሰው የለም። ገብተው በሩን ቆለፉት።