ፊቱ የተፋቀው ሽፋን

ሠዓሊው ፈንቴ በገዛ ቤቱ፣ በጊታር ክር ታንቆ ተገኘ።

መተማ ውስጥ ያለው ጊታር አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ኢሳ ነው። ስለዚህ ከተማው መርማሪ ሳይጠብቅ ፈርዶ ጨረሰ።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ሀብትነሽ ናት። ከወፍጮ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፈንቴ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ቀጭኑ የብረት ክር የአንገቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ስልቻውን ከትከሻዋ ለቃ ጮኸች፤ ዱቄቱም ሟቹ ላይ ተበተነ። የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ አምባው ሲደርስ የፈንቴን ፊት ያገኘው ነጭ ሆኖ ነው።

ከሬሳው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ሰፊ ጣውላ ተደግፏል። ካርቱም የሚኖር የኢሳ ጓደኛ የሮክ ሙዚቃ መጽሔት ሊያሳትም ነበርና የፊት ሽፋኑን ሥዕል በኢሳ በኩል ፈንቴን አዝዞት ነበር። ፈንቴ ዕድሜውን የፈጀው የሱቅ ታፔላ ሲጽፍና ለአብዮት በዓል እነዚያን ጢማሞች ሲሥል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶለት አያውቅም። ሰሞኑን እህል እንኳ በቅጡ አልቀመሰም።

ሽፋኑ ያምራል። የታጨደ የሰሊጥ ማሳ፣ መሀል ላይ ቀይ ትራክተር፣ ትራክተሩ ላይ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆሞ ጊታር የሚመታ ሰው። ከላይ የመጽሔቱ ስም የሚገባበት ቦታ ሰማያዊ ሰማይ ተቀብቷል። የጊታሪስቱ ፊት ግን በስለት ተፍቆ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል።

የቀበሌው ጠባቂዎች ኢሳን ከፖሊስ ቀድመው ያዙት። ሃምሳ አለቃው በማግስቱ ሊጠይቀው ሲገባ የግራ እጁን ጣቶች በጠመንጃ ሰደፍ ሰባብረዋቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ የወታደር መኪና ወደ ጎንደር ይነሣል። ኢሳ እግር ብረቱን እንደታሰረ ይጫናል። በ1973 ዓ.ም. በዚያ መኪና ተጭኖ የተመለሰ ሰው መተማ አላየችም።

«ክሩ ያንተ ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«የኔ ነው።»

«እንዴት እዚያ ተገኘ?»

«ጊታሬን ማታ ማታ የምጫወትበት መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅየው ነው የምሄድ። ክሩን ማንም ያወልቀዋል።»

«ከፈንቴ ጋር ተጣልታችኋል። ጎረቤት ሰምቷል።»

ኢሳ ያበጡ ጣቶቹን አየ። «ተጣልተናል። ሥራውን ያመጣሁለት እኔ፣ ጊታሩን የምመታ እኔ። ፊቱን ግን የሌላ ሰው አረግሁት አለኝ። ሰደብሁት። ወላሂ ከስድብ አላለፈም።»

«የማንን ፊት?»

«በጨርቅ ሸፍኖ ከለከለኝ። ሚስቴ ሳታየው ማንም አያየውም አለ።»

ሃምሳ አለቃ አምባው ወጣ። በቅናት ያበደ ሰው የሌላውን ፊት ቢፍቅ አይደንቀውም። ነገር ግን የፈንቴ ምድጃ ውስጥ የተቃጠለ ወረቀት አይቷል። ከተረፈው ጠርዝ እንደሚታየው የሥዕሉ ንድፍ ነበር። በንዴት የገደለ ሰው ንድፍ ፈልጎ፣ እሳት ለኩሶ፣ አመድ እስኪሆን አይጠብቅም። ያ ፊት ጨርሶ እንዳይታወቅ የፈለገ ሰው አለ።

የሐዘኑ ቤት ግቢ በሰው ተሞልቷል። አገሩ ቆላ ነውና ሬሳው ትናንትናውኑ ተቀብሯል። ሀብትነሽ ዳሱ ሥር ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ዋሴ ያጽናናታል። ዋሴ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚያስገባ ደላላ ነው። መቃብሩንም ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ደግ ሰው ይባላል።

ሃምሳ አለቃው ሀብትነሽን ወደ ቤት አስገባትና ከባሏ ዕቃ መሀል መርፌና ከሰል የተቋጠረበት ጨርቅ አሳያት።

«ይኸ ለምን ነበር?»

«ፊት ሲሥል ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ወረቀት ላይ ይነድፍና ካርቶን ላይ አንጥፎ መስመሩን በመርፌ ይወጋጋዋል። ከዚያ ወረቀቱን ጣውላው ላይ አርጎ በከሰሉ መታ መታ ያረገዋል። ነጠብጣቡ ሲያልፍ እሱን ተከትሎ ይቀባል።»

«ካርቶኑስ?»

«ከተበሳ በኋላ እሱን አይጠቅመው። እኔ ነኝ የምወስደው።» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ገንቦ እከድንበታለሁ።»

ተያይዘው ወጡ። ገንቦው ዳሱ ሥር ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ካርቶኑን እያነሣ ውሃ ጠጥቶበታል። ሃምሳ አለቃው ካርቶኑን አንሥቶ መሬት ላይ አነጠፈው፤ የከሰሉን ዱቄት በመዳፉ አሸበት፤ ከዚያ በጨርቅ ጠረገው። ከሰሉ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀረ። በመጀመሪያ አገጭ ታየ። ቀጥሎ አፍ። ቀጥሎ ለሁለት የተሰነጠቀ የግራ ቅንድብ።

ሰው ሁሉ ወደ ዋሴ፣ ወደ ተሰነጠቀው ቅንድቡ ዞረ።

ሀብትነሽ ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፈንቴ ስታይው ታለቅሻለሽ ብሏት ነበር። «ጋሼ ዋሴ! እርስዎን ነው እንዴ የሣለልኝ?» አለች፣ በፍቅር።

ምክንያቱን ከእሷ፣ ከባሏና ከዋሴ በቀር ማንም አያውቅም። ወንድሟን ደምለውን፣ ለዘመቻ ሊወሰድ ሲል፣ በስውር ወደ ሱዳን ያሻገረላት ዋሴ ነው። ደብዳቤ ያስጠረጥራል ብሎ ከለከላት። ይልቅ በየጊዜው ብቅ እያለ «ደምለው ሰላም ይልሻል» ይላታል። እሷም ልብስ ሰፍታ ትልክለታለች።

«አላወቅሁም መሣሉን» አለ ዋሴ።

«ጩቤህን አምጣ» አለ ሃምሳ አለቃው።

ዋሴ ከክንዱ ላይ ፈቶ ሰጠ። ስለቱ ንጹሕ ነው። ሃምሳ አለቃው የቆዳ ሰገባውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ውስጡ ላይ ቡናማ ቀለም ተለጥፏል፤ ጣቱን ሲያስነካው ገና እርጥብ ነው። ፈንቴ የሥዕል ዘይት ስለማያገኝ ቀለሙን በሰሊጥ ዘይት ነበር የሚያቀጥነው። ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም።

«የፊትህ ቀለም ነው» አለው። «ፍቀህ ሳትጠርግ ሰገባው ከተትኸው። ለምን ገደልኸው?»

ዋሴ ዙሪያውን አየ። የግቢው በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«መጽሔቱ ካርቱም ነው የሚወጣ» አለ በመጨረሻ። «ካርቱም ውስጥ ፊቴን የሚያውቅ ልጅ አለ።»

«ማን ነው?»

«ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ያመለጠኝ። አንገቱ ላይ በጩቤ አግኝቸው ነበር፤ አልሞተም። ስሜንም አገሬንም አያውቅ፤ ፊቴን ግን ያውቃል።»

«ሌሎቹስ? ያሻገርኻቸው?»

«ማን ይሻገራል?» አለ ዋሴ፣ በታከተው ሰው ድምፅ። «እናቶቻቸው ወርቅ ልብሳቸው ውስጥ ይሰፉላቸዋል። ጫካው ሩቅ ነው። ማን ይጠይቃል?»

«ፈንቴ ምን አለህ?»

«ሥዕሉን ገልጦ አሳየኝ። ደስ ብሎታል። ውለታህን በምን እንከፍላለን ስንል ነበር አለኝ። ደምለው ካርቱም ሆኖ ሽፋኑ ላይ ሲያይህ ምን ይላል አለኝ። ተወው ብየ ለመንሁት። ሳቀ። ያፈርሁ መሰለው። ክሩን ከመጠጥ ቤቱ ይዤ የተመለስሁ ከዚያ በኋላ ነው።»

ሀብትነሽ ወደ ዋሴ ቀረበች። ልብስ ስትሰፋ፣ የወንድሟን ትከሻ በስንዝሯ ስትገምት የከረመችባቸው ቀናት አንድ ላይ መጡባት።

«ደምለው የት ነው ያለ?»

ዋሴ መሬት መሬት አየ። «ሽንፋን አልተሻገረም።»

ሀብትነሽ እንደ ቆመች ቀረች።

ኢሳ ከመኪናው ላይ የወረደው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው። እግር ብረቱ ተፈታ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ያ ግራ እጁ ዳግመኛ ክር መጫን አልቻለምና ጊታሩን ሷሊህ የሚባል ነጋዴ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ለጌጥ ሰቀለው። ጣውላው ግን ድንበር ተሻገረ። ሽፋኑ ፊት በሌለው ጊታሪስት ታተመ፤ የካርቱም ወጣቶችም አዲስ የአሣሣል ስልት መስሏቸው ወደዱት።

ያን ዕለት ግን ዋሴ እጁ የኋሊት ታስሮ፣ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከንፈሩ ደረቀ።

«ውሃ» አለ።

ሀብትነሽ ጣሳ አነሣች። ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላት። ገንቦው ዘንድ ደርሳ ቆመች።

«ደምለውም ውሃ ጠይቆህ ነበር?»

እስከዚያ ድረስ ስትጠራው የኖረችው «እርስዎ» እያለች ነበር። ዋሴ ቀና ብሎ አያት።

«ጠይቆኝ ነበር።»

«ሰጠኸው?»

ዋሴ ፊቱን ከገንቦው አዞረ።

ጣሳውን አስቀመጠች። ካርቶኑን ከመሬት አነሣችና፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ፣ ገንቦውን ከደነችው።